ምዕራፍ ሰባት፦ ካምቢዮው ይውረድ ወይስ ይቆይ?

በየካ የሚኖር አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ሕመሙን ሜዳ ላይ ይደብቃል። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ባለው አስፋልት ደህና ሆኖ ይከርምና፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲባል ጉዱ ይወጣል። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን የጩኸቱን ያህል አይሄድም። ነዳጁን ላላ ሲያደርጉለት ገጭ ብሎ ይይዛል፤ ትንሽ ይጓዝና እንደገና ይለቃል። ባለቤቱ በማግስቱ ጋራዥ ይገባል። መኪናውን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ያንቀሳቀሰው ልጅ ከመሪው ሳይወርድ ፍርዱን ይሰጣል፦

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ይውረድና ይታደስ።»

ልጁ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ልክ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ካምቢዮ ከወረደ በኋላ የሚቀረው ክፍያ እንጂ ውሳኔ አይደለም። ተፈትቶ በላሜራ ላይ የተዘረጋ ካምቢዮ ያለው ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ሌላ ጋራዥ አይሄድም፣ «ልሽጠው» ቢልም የሚገዛው የለም። ስለዚህ መታሰብ ያለበት ነገር ሁሉ መታሰብ ያለበት መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ እያለ ነው። መጀመሪያ ሊመለስ የሚገባውም ጥያቄ «ማሳደሱ ስንት ያስወጣል?» የሚለው ሳይሆን «ምን ገደለው?» የሚለው ነው።

ገዳዩን ለማወቅ ግን መጀመሪያ አውቶማቲኩ ከየት እንደመጣ እንይ። የአገራችን የጭነት መኪና በአብዛኛው ማንዋል ነው። አይሱዙውም ሲኖትራኩም ፍሪሲዮን እየተረገጠ ነው የሚነዳው፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሳያስጮህ መቀነስ የሾፌርነት መለኪያ ሆኖ ኖሯል። አውቶማቲኩ በሌላ በር ገባ። ከኤምባሲ፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅትና ከረድኤት ሥራ በጨረታ ከሚወጡት ላንድክሩዘሮችና ፒክአፖች መካከል አውቶማቲክ ማግኘት ብርቅ አይደለም። የካ ደግሞ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የኬንያ ኤምባሲዎች ያሉበት ክፍለ ከተማ ነው። ከእነዚህ መኪናዎች አንዱ፣ ቀድሞ ሰነድና እንግዳ ሲያመላልስ የነበረው፣ በሁለተኛ ሕይወቱ ሲሚንቶ፣ የውሃ በርሜልና አጣና ተጭኖበት ዳገት ይወጣል።

ለምሳሌ የላንድክሩዘር 60 እና 80 ሲሪዝን እንውሰድ። በእነዚህ ላይ ከተገጠሙት ካምቢዮዎች አንዱ የጃፓኑ አይሲን ዋርነር የሠራው ባለ አራት ማርሹ ኤ440ኤፍ ነው። የዚሁ ካምቢዮ የቅርብ ዘመድ በአይሱዙ ኤንፒአር ቀላል የጭነት መኪና ላይ ተገጥሟል፤ ስለዚህ የጭነት መኪና አጥንት ያለው ካምቢዮ ነው ማለት ይቻላል። ጠንካራነቱን የሚያውቁ መካኒኮች ያደንቁታል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። እንዲህ ያለ ካምቢዮ እንዲሁ በእርጅና ብቻ አይሞትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚታደስ ካምቢዮ ደግሞ በዚያው በሽታ ይመለሳል።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሆዱን ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ሸራ የለበሰ ዲስክ ነው፤ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል። በአውቶማቲኩ ያን ቦታ የያዘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ሐሳቡን የፈጠረው ጀርመናዊው ሄርማን ፎቲንገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ያሰበው ስለ መኪና ሳይሆን ስለ መርከብ ነበር። በታሸገ የብረት ዕቃ ውስጥ ሞተሩ አንዱን ተሽከርካሪ ያዞራል፤ ያ ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት ፊት ለፊቱ ያለውን ሌላ ተሽከርካሪ ያዞራል። ብረት ከብረት አይነካካም፤ ጉልበቱን የሚያሻግረው ዘይት ነው። መካከል ላይ ያለው ሦስተኛው ክፍል ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ ስለሚመልሰው መኪናው ሲነሳ ጉልበቱ ይጨምራል። አውቶማቲክ መኪና ዳገት መሐል ቆሞ ሲነሳ ወደ ኋላ የማይንሸራተተው ለዚህ ነው።

ለዚህ ምቾት የሚከፈለው ዋጋ ሙቀት ነው። ሁለቱ ተሽከርካሪዎች እኩል እስካልዞሩ ድረስ የልዩነታቸው ጉልበት ዘይቱን ያሞቃል። መንገዱ ሜዳ ሆኖ ፍጥነት ሲጨምር በውስጡ ያለ መቆለፊያ ሁለቱን ያያይዛቸዋል፤ ያኔ ሙቀቱ ይቀንሳል። እንጦጦ ዳገት ላይ፣ በዝቅተኛ ማርሽና በቀስታ፣ መቆለፊያው አይያዝም።

በቁጥር እናስላው። ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ሽቅብ ቢወጣ፣ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ጎማው ላይ መድረስ አለበት። ቶርክ ኮንቨርተሩ ከተቀበለው አምስተኛውን እጅ በሙቀት ቢያባክን፣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ይህ ሙቀት በአዲስ አበባ 12 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት እንደ መኪናው ዓይነት ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው፤ ዘይት ደግሞ ለመጋል ውሃ ከሚፈልገው ሙቀት ግማሹ ይበቃዋል። ማቀዝቀዣ ባይኖር ኖሮ መኪናው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሳይደርስ ዘይቱ በጨሰ ነበር።

ማቀዝቀዣው ያለው ራዲያተሩ ውስጥ ነው። የካምቢዮው ዘይት በሁለት ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ሄዶ፣ በውሃው ተከቦ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ባለቤት ብዙ ነው። ራዲያተሩ በዝገትና በደለል የተደፈነ ከሆነ የታመመው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ካምቢዮውም ነው። ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የእንጦጦ ጫፍ በ90 ገደማ። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ፣ የባሕር ጠለል ላይ ምንም የማይሰማው መኪና እዚህ ይፈላል። የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ላይ ሲሠራ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የሙያው ልማዳዊ ስሌት ነው። ወደ 150 ሲጠጋ የዘይት መዝጊያ ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ ካምቢዮው ውስጥ በዘይት ግፊት ማርሾቹን የሚይዙት ሸራዎችም ይከስላሉ።

እንግዲህ ወደ ጋራዡ እንመለስ። ባለቤቱ «ይውረድ» ለሚለው ልጅ መመለስ ያለበት «መጀመሪያ ዘይቱን አሳየኝ» ብሎ ነው። በቶዮታ ላይ ዘይቱ የሚለካው መኪናው በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ማርሹ በየቦታው ዞሮ ፒ ላይ ከገባ በኋላና ሞተሩ ሳይጠፋ ነው። ሞተር አጥፍቶ መለካት የሞተር ዘይት ልማድ ነው፤ እዚህ ያሳስታል። ከመለኪያ ዘንጉ ሁለት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ማንጠባጠብና ብርሃን ላይ ማየት ነው። ቀይ ከሆነና በወረቀቱ ላይ በሰፊው ከተንሰራፋ ጤነኛ ነው። ቡናማ ሆኖ ከቆየ ዘይቱ አርጅቷል። ጠቁሮ መሐሉ ላይ ጥላሸት ትቶ ጠርዙ ብቻ ከረጠበና የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ሸራዎቹ ወደ ዘይትነት እየተለወጡ ነው። እንጆሪ የገባበት ወተት ከመሰለ ደግሞ ክርክሩ አልቋል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቷል። ውሃ ሸራውን ከብረቱ ጋር የያዘውን ሙጫ ያላቅቃል፤ ዘይት በመቀየር የሚድን ነገር የለም።

ቀጥሎ የዘይት ኮፓው ይፈታ። ይህ ካምቢዮ ማውረድ አይደለም፤ ከሥር ያሉትን ቡሎኖች ፈትቶ ጓርኒሲዮን መለወጥ ብቻ ነው። ኮፓው ውስጥ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ። ባለቤቱ እዚያው ቆሞ ማየት አለበት፤ «ታጥቦ አይተነዋል» የሚል ወሬ አይበቃም። ማግኔቱን በጣት ሲያሹት እንደ ኩል የላመ ግራጫ ቅባት ብቻ ከሆነ የዕድሜ ልክ መፋቅ ነው፤ አያስፈራም። ጣት ላይ የሚቆረቁር ብልጭልጭ ብረት ካለ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው። ማግኔት የማይስበው ቢጫ ብልጭታ ከነሐስ ቡሽ የመጣ ነው። ኮፓው ሥር የተኛው ጥቁር፣ እንደ ረጠበ የወረቀት ፍርፋሪ የሚፈራርስ ነገር የሸራው ሬሳ ነው። የሸራ ንጣፉ ሲጀመርም አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ እዚህ የተኛ ነገር ሁሉ ከዚያ ላይ ተቀንሷል።

ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ብዙ ጊዜ «ይታደስ» የተባለው ካምቢዮ እዚህ ላይ በምሕረት ይወጣል። ዘይቱ ሁለት ሊትር ጎድሎ፣ ፓምፑ ዳገት ላይ ዘይት ወደ ኋላ ሲሸሽ አየር ሲስብ፣ ምልክቱ ሸራ ካለቀበት ካምቢዮ ጋር ያው ነው። ማጣሪያው ሲደፈንም እንዲሁ። በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች ደግሞ ከነዳጅ ፔዳሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ አንድ ገመድ አለ፤ ሾፌሩ ምን ያህል እንደረገጠ ለካምቢዮው የሚነግረው እሱ ነው። ገመዱ ከላላ ካምቢዮው ቀስ ተብሎ እየተነዳ ያለ ይመስለዋል፤ የዘይት ግፊቱን ይቀንሳል፣ ማርሽ ቶሎ ይለውጣል፣ ሸራዎቹም ዳገት ላይ ይንሸራተታሉ። ሞተር በታደሰ ቁጥር ይህ ገመድ ተፈትቶ ይገጠማል፤ በትክክል መገጠሙን የሚያረጋግጥ ግን ጥቂት ነው። በቁልፍ ሁለት ዙር የሚስተካከል ነገር ካምቢዮ አስወርዶ እንደነበር ማወቅ ያናድዳል።

ዘይቱና ገመዱ ደህና ከሆኑ ፈተናው ይቀጥላል። ሞተሩ እየሠራ ማርሹን ከኤን ወደ ዲ ማስገባትና ካምቢዮው «ያዝኩ» ብሎ መኪናውን እስኪነቀንቅ መጠበቅ። የቶዮታ መመሪያ ከ1.2 ሰከንድ በታች ይላል፤ ከኤን ወደ አር ከ1.5 ሰከንድ በታች። ጠዋት በብርድ ሦስትና አራት ሰከንድ የሚያስጠብቅ ካምቢዮ መዝጊያ ጎማዎቹ ደርቀው ግፊት እያሾለኩ ነው።

ከዚያ የቆመ መኪና የጉልበት ፈተና አለ፤ እዚህ ላይ የእኛ ከፍታ መካኒኩን ሁሉ የሚያሳስትበት ነገር ስላለ ቆም ልበል። ጎማዎቹ ድንጋይ ተደርጎባቸው፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የእግር ፍሬን እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ዲ ላይ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ይረገጣል። ከ5 ሰከንድ በላይ አይቆይም፤ ማንም ሰው ከመኪናው ፊትም ኋላም አይቆምም። ሞተሩ መኪናውን ማንቀሳቀስ ስላልቻለ አንድ ዙር ላይ ደርሶ ይገታል። ያ ዙር ይነበባል። ከመመሪያው በላይ ከሄደ ካምቢዮው ውስጥ የሆነ ነገር ይንሸራተታል። በዲም በአርም ከፍ ካለ ጥርጣሬው ዘይቱና ግፊቱ ላይ ነው፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ የዚያ አቅጣጫ ሸራ ላይ።

አሁን ከፍታውን እናስገባ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ሳስቷል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ከዚያም በላይ። ደካማ ሞተር ቶርክ ኮንቨርተሩን የሚገፋው በደካማ ጉልበት ስለሆነ የሚገታበት ዙርም ይወርዳል፤ ሒሳቡ የጉልበቱን ካሬ ሥር ይከተላል። መመሪያው በደቂቃ 2,000 ዙር ካለ፣ ጤነኛ መኪና የካ ውስጥ ማሳየት ያለበት 1,750 ገደማ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን በከፊል ይሞላዋል። ከዚህ ሁለት ስሕተት ይወለዳል። አንዱ መካኒክ 1,750 አይቶ «ቶርክ ኮንቨርተሩ ሞቷል» ይላል፤ መኪናው ግን ጤነኛ ነው። ሌላው 2,000 አይቶ «መጽሐፉ ላይ ያለው ነው፣ ደህና ነው» ይላል፤ ይሄኛው ካምቢዮ እየተንሸራተተ ነው። የባሕር ጠለል ላይ የተጻፈ ቁጥር ሽቅብ ሲመጣ መቀነስ አለበት። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ካገኙ፣ ጋራዡ ቆሻሻ ቢሆንም አይሽሹት።

ምርመራው አልቆ ፍርዱ «ሸራዎቹ አልቀዋል» ሆነ እንበል። ገንዘቡ የሚነሳው አሁን ነው። አሜሪካ ያለ ወንድም በስልክ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ «ጣለው፣ ማሳደሻው ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል።» እሱ ባለበት አገር ልክ ነው። እዚያ የሠራተኛ ሰዓት ውድ ነው፣ ያገለገለ መኪና ርካሽ ነው፣ በረዶ በሚጥልባቸው ክፍለ አገሮች ደግሞ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲውን ቀድሞ ይበላዋል። ካምቢዮው ቢታደስ የሚሸከመው ብረት የለም። እኛ ጋ ሦስቱም ተገልብጠዋል። ጨው በማያውቅ የደጋ አየር የ1980ዎቹ ላንድክሩዘር አካል ዛሬም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

የመኪናውን ዋጋ ደግሞ ሕጉ ሰቅሎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አገልግለው በሚገቡ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በአንድ በኩል ተወደደ፤ በሌላ በኩል የሚታደስበት ዕቃ በዶላር የሚገዛ ስለሆነ እሱም ተወደደ።

ስለዚህ «ማሳደሻው ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ተወው» የሚለው ደንብ እዚህ አይሠራም። የሚነጻጸረው ከመኪናው ሙሉ ዋጋ ጋር ሳይሆን፣ ካምቢዮው ሞቶ በሚሸጥበትና ድኖ በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ እንያዝ፦ መኪናው ድኖ 2,500,000 ብር ቢያወጣ፣ ሞቶ 1,700,000፣ ማሳደሻው ደግሞ 400,000 ቢሆን፣ ልዩነቱ 800,000 ነው፤ ማሳደስ 400,000 ያተርፋል። በዚያ ላይ ደግሞ 1,700,000 ብሩን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው በዚያ ገንዘብ የተሻለ መኪና አያገኝም። የሚያገኘው የሌላ ሰው የተደበቀ ሕመም ነው፤ የራሱን መኪና ሕመም ቢያንስ ያውቀዋል።

ስሌቱ የሚፈርስበት ቦታም አለ። ሞተሩ ራሱ ጭስ የሚተፋና ዘይት የሚበላ ከሆነ አዲስ ካምቢዮ ከኋላው መግጠም ገንዘብ መቅበር ነው፤ ደካማ ሞተር ያለው ሾፌር ነዳጁን ይበልጥ ይረግጣል፣ ቶርክ ኮንቨርተሩም ይበልጥ ይግላል። መኪናው በቀን ሥራ የሚውል ከሆነ ደግሞ የቆመበት ጊዜ ዋጋ አለው። ለአሮጌ አውቶማቲክ ሙሉ የማደሻ ዕቃ በየመደብሩ አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚገባው። ያ ሰው «በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ» ካለ፣ መኪናው ሁለት ወር እንደሚቆም ማሰብ ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? ሁለት አለ። አንደኛው መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ካምቢዮ መግዛት ነው። ሻጩ «ከዱባይ የመጣ ነው፣ አልተነካም» ይላል፤ እውነት ሊሆንም ይችላል። ግን ያልተነካ ማለት ያልሞቀ ማለት አይደለም። ኮፓውን ከፍቶ ማግኔቱን ማየት የማይፈቅድ ሻጭ ከሆነ ገንዘብን በኪስ ይዞ መመለስ ነው። የሚፈቅድ ከሆነና ከውስጡ ንጹሕ ከሆነ፣ ያንን ካምቢዮ እንዳለ ከመግጠም ይልቅ ቶርክ ኮንቨርተሩን፣ ፓምፑንና ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን ቫልቭ ቦዲ ለእድሳቱ መለዋወጫ አድርጎ መጠቀም ይሻላል እላለሁ። በተለይ ቶርክ ኮንቨርተሩን፤ እሱን በቶርኖ ቆርጦ፣ አጽድቶ፣ ሚዛኑን ጠብቆ መልሶ የሚበይድ መሣሪያ በየሰፈሩ ጋራዥ አይገኝም።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ማንዋል መለወጥ ነው፤ የብዙ መካኒኮች ምክርም ይሄ ነው። ለ60 ሲሪዝ ባለ አምስት ማርሹ ኤች55ኤፍ፣ ለ80 ሲሪዝ ኤች151ኤፍ ይገጠማል። ሥራው ግን ካምቢዮ በካምቢዮ መለወጥ ብቻ አይደለም፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉ፣ ቮላኖው፣ ከኋላ ያለው የፎር ዊሉ ካምቢዮ መገጣጠሚያ፣ ካርዳኑ፣ ሁሉም ከአንድ መኪና የወጣ መሆን አለበት። ከየቦታው የተለቃቀመ ከሆነ መንቀጥቀጡ አያልቅም። መኪናው ከሰንዳፋ ማዶ ወደ ገጠር ጭኖ የሚወጣ ከሆነ እለውጠው ነበር፤ የትም ቦታ ቢቆም የሚጠግነው ሰው አይጠፋም። ጉልበቱን የሚያመው ባለቤት ጠዋትና ማታ መገናኛ ላይ ተሰልፎ የሚውልበት መኪና ከሆነ ግን ፍሪሲዮን ስጦታ አይደለም።

ማሳደስ ከተወሰነ አንድ ነገር ላይ ድርድር የለም፤ ግማሽ እድሳት የሚባል ነገር አይገባበት። «የተቃጠለውን ሸራ ብቻ ልቀይርልህ፣ ሌላው ደህና ነው» የሚለው ሐሳብ ርካሽ ይመስላል። ሸራው የተቃጠለው አንድ የደረቀ መዝጊያ ጎማ ግፊት ስላሾለከ ከሆነ አዲሱም በዚያው ይቃጠላል። ሸራዎቹ ሁሉ፣ ጎማዎቹ ሁሉ፣ ማጣሪያው፣ ያለቁት ቡሾች ይለወጣሉ። የብረት ሳህኖቹም ሰማያዊ ከሆኑ ወይም ከተጣመሙ ይጣላሉ። የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ካልታጠበ የአሮጌው ካምቢዮ ብናኝ እዚያው ተደብቆ ይቆይና በመጀመሪያው ቀን ወደ አዲሱ ይገባል። በየካ ዳገት ለሚኖር መኪና ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠምን እንደ ቅንጦት አላየውም፤ ከሸራው እኩል የእድሳቱ አካል ነው።

የሥራ ቦታውም ይታይ። ቫልቭ ቦዲው ከፀጉር በቀጠኑ ክፍተቶች ውስጥ የሚንሸራተቱ ቫልቮችና እንደ ምስር ፍሬ ያሉ የብረት ኳሶች ያሉበት ሳህን ነው። ላምበረት አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ አንድ ጎበዝ ሽማግሌ መካኒክ ሲፈታው አይቻለሁ፦ ንጹሕ ካርቶን ላይ እያንዳንዱን ኳስ ከነቦታው አስቀምጦ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ በነዳጅ አጥቦ በጨርቅ ሳይሆን በአየር ያደርቀዋል። «ጨርቅ ክር ይተዋል፤ አንዲት ክር ቫልቭ ትይዛለች» አለኝ። ከእሱ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ሌላ ልጅ ላሜራ ይፈጭ ነበር። ሽማግሌው ተነስቶ ልጁን አስቁሞት ተመለሰ። ጋራዥ ስመርጥ ከዋጋው ይልቅ ያንን መነሳት ነው የምፈልገው። አዲሶቹ ሸራዎች ከመገጠማቸው በፊት በካምቢዮ ዘይት መዘፍዘፋቸውን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት መለካቱንም መጠየቅ ይገባል፤ «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መልስ ሞተር ላይ ያስኬድ ይሆናል፣ እዚህ አያስኬድም።

የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በከረጢት ይመለስ። ባለቤቱ የከሰለውን ሸራ በእጁ ይዞ ማየቱ ለጥርጣሬ ሳይሆን ለማወቅ ነው፤ የትኛው ማርሽ ሸራ እንደከሰለ ማየት ወደ ገዳዩ ይመራል። ዋስትናን በተመለከተ በወረቀት የሚሰጥ ጋራዥ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ግን ንግግሩ እንዲህ ነው፦

«ልጄ፣ ዋስትናው ስንት ጊዜ ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ አለሁ አይደል?»

ይህ ዋስትና ልጁ ጋራዡን እስኪቀይር ድረስ ይሠራል። የተለወጡትን ዕቃዎች ዝርዝር፣ የገባውን የዘይት ዓይነትና ቀኑን በእጅ ጽሑፍ አስፈርሞ መያዝ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ መኪናው ሲሸጥም ገዢን ያሳምናል።

ታድሶ የወጣ መኪና በዚያው ዕለት እንጦጦ አይወጣም። መጀመሪያ ሜዳውን ወደ ሲኤምሲ፣ እየሞቀና እየበረደ፣ ማርሹ ሁሉ እየተለወጠ ይሂድ፤ ተመልሶ በሙቁ ዘይቱ ይለካ። ቀጥሎ የካራ ዳገት ባዶውን። 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ኮፓው እንደገና ይፈታና ማግኔቱ ይታይ፤ አዲስ ሸራና ብረት ሲላመድ የሚተወው ብናኝ ስላለ ማጣሪያውና ዘይቱ በዚያው ቢለወጥ ገንዘቡ አይባክንም። ማግኔቱ ላይ የላመ ግራጫ ቅባት ብቻ ካለ ሲሚንቶውን ጭኖ ወደ እንጦጦ መውጣት ነው። ጣት የሚቆረቁር ብረት ካለ ደግሞ፣ «እኔ አለሁ» ያለው ልጅ የሚፈለገው ያኔ ነው።